አሥራ አንድ ቅጂ

የኮምፒውተር መምህርቷ ከአዲሱ ማተሚያ ጋር ከተፋጠጠች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ተማሪዎቿ «እትዬ ገመድ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች። በክፍሉ ዙሪያ የተደረደሩት አሥራ ስምንት ኮምፒውተሮች አርጅተዋል ተብለው ግምጃ ቤት ተጥለው ነበር። አቧራቸውን አራግፋ፣ የአንዱን አካል ለሌላው ቀጥላ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭና ነፍስ የዘራችባቸው እሷ ናት። ርዕሰ መምህሩ ታዲያ ትናንት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ይሄ ማተሚያ ፈተና ካላተመ ኮምፒውተሮቹ ወደመጡበት ይመለሳሉ» ብሏት ሄደ።

ያ ነገ ዛሬ ነው። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ገና በጠዋቱ ጋሪያቸውን እየገፉ መጥተው በሩ አጠገብ ቁጭ ብለዋል።

«ልጄ፣ እኔ የታዘዝኩ ሰው ነኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

«አውቃለሁ ጋሼ። ጋሪው ግን ደጅ ይቁም።»

ማተሚያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳ አራት ጊዜ ጭናዋለች። አራቴም «መጫኑ ተሳክቷል» አላት። አትም ስትለው ግን ማተሚያው አንዴ ያጓራና ጭጭ ይላል። ምክንያቱን ሳታይ መደጋገሟ ጥፋት እንደሆነ አላጣችውም። ሰው ሲናደድ እጁ እንጂ ዐይኑ አይሠራም።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት ሲበላሽባት ለመቀስ አትቸኩልም፤ «ከመጨረሻዋ ስፌት ጀምረሽ ወደኋላ ፍቺ» ትላለች። መምህርቷም መፍታት ጀመረች። የማተሚያው ውሎ የሚመዘገብበትን ረጅም ዝርዝር ከፍታ ከታች ወደላይ አነበበች። የመጨረሻዋ መስመር አንድ ፋይል ጠርታ «የለም» ትላለች። መምህርቷ ፋይሉ ሊኖርበት የሚገባውን ቦታ ከፍታ አየች። ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሏል።

«በዐይኔ እያየሁት የለም ትለኛለህ?»

«እኔን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ኮምፒውተሩን ነው ጋሼ። ቤት ያለውን ሰው የለም ብሎ እንግዳ ይመልሳል።»

እልህ ያዛት። ፋይሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ስትመረምር ነገሩ በራላት። አምራቹ ያን ፋይል የሠራው ለድሮዎቹ ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ሲስተሞች ነው፤ የእሷ ባለ ስልሳ አራት ነው። የጠፋው ፋይሉ ሳይሆን እሱን የሚያስነሱት የድሮ ረዳት ፕሮግራሞች ናቸው። አርጅተዋል የተባሉት ኮምፒውተሮቿ ነበሩ፤ ያረጀው ግን የአምራቹ ድራይቨር ሆኖ ተገኘ።

ረዳቶቹን ፈልጋ ጫነች። ከዚያ በብልሽቱ ምክንያት ቆሞ የነበረውን የኅትመት ወረፋ ለቀቀችው። ማተሚያው አጓራ። ጭጭ ሊል ነው ብላ ስትጠብቅ ወረቀት ሳበ።

የወጣው ግን ደብዳቤ ነው። ሁለተኛውም ያው ደብዳቤ፣ ሦስተኛውም። በዚህ ትምህርት ቤት ማተሚያ እምቢ ሲል «አትም» የሚለውን ደጋግሞ መጫን የሁሉም ልማድ ነው፤ አንዴ ያልሰማ አሥሬ ቢነግሩት የሚሰማ ይመስላቸዋል። ከየቢሮው የታዘዘው ሁሉ ታዲያ በእሷ ኮምፒውተር በኩል ስለሚያልፍ እዚያው ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ሆኖ አሥራ አንድ ጊዜ ተጭኖ ኖሯል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

«ሊኑክስ የተባለው ሲስተም አዲሱን ማተሚያ ማሠራት እንደማይችል በመረጋገጡ፣ አሥራ ስምንቱ ኮምፒውተሮች ወደ ግምጃ ቤት እንዲመለሱ...» ይላል። ቀኑ የትናንት ነው። እስከ ነገ ጊዜ በሰጣት ዕለት ውሳኔውን ጽፎ ጨርሷል። ከንዴቱ ይልቅ ንቀቱ አንገበገባት።

የፈተናውን የመጀመሪያ ገጽ አተመች፤ ጥርት ብሎ ወጣ። እሱን፣ አሥራ አንዱን ደብዳቤና ከመሳቢያዋ ያወጣችውን የወረቀት መጠየቂያ ቅጽ ይዛ ቢሮው ገባችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የእርስዎ ደብዳቤ ነው። ፊርማ ይቀረዋል።»

አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ እኮ ትናንት የጻፍኩት ነው።»

«ቀኑን አይቻለሁ። ያተመልዎት ግን አይችልም ያሉት ሲስተም ነው። አሁን፣ አሥራ አንድ ጊዜ።»

«እሺ፣ ረጋ ብለን እንነጋገርበት።»

«ተነጋግረናል። እስከ ምሳ ብለውኛል፤ ምሳ ገና ነው። ይሄ ደብዳቤዎ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለፈተናው የወረቀት መጠየቂያ። አንዱን ይፈርሙልኝ።»

ሽንጧን ገትራ ቆመች፤ ወይ ፍንክች። እስክሪብቶው ደብዳቤዎቹ ላይ ትንሽ አንዣበበ፤ ከዚያ መጠየቂያው ላይ ወረደ።

ሽማግሌው በሩ አጠገብ እንደተቀመጡ ነበር። ቅጹን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊርማውን ሁለቴ አዩት።

«ሃያ እሽግ ወረቀት ነው ጋሼ። ጋሪው ይችለዋል?»

«አሥራ ስምንት ኮምፒውተር ሊሸከም የመጣ ጋሪ!» አሉና አዙረውት፣ እንደ ወጣት እየገፉ ወረቀቱን ሊያመጡ ሄዱ።