የመኪናው ዋስትና ሊያልቅ ሲል

«ድምፁ በየት በኩል ነው የሚሰማዎት?» አለች ትሪኔ፣ የጋራዡ እንግዳ ተቀባይ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

«ከታች... ወደ ኋላ በኩል» አለ ኦድቫር። ዓይን ዓይኗን ግን አላየም።

መካኒኩ መኪናውን አርባ ደቂቃ ሙሉ እየነዳ ጆሮውን ቢያቆምም ምንም አልሰማም። ለዚሁ ድምፅ ሲመጣ በዚህ ክረምት ይህ ሦስተኛው ነው። ኦድቫርም ቢሆን ሠላሳ አራት ዓመት የመርከብ ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነውና ድምፅ እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃል።

እሱ በሚኖርባት በሞልደ ከተማ፣ እንደ ቀረው ኖርዌይ ሁሉ፣ ያለ ጉዳይ የሰው በር አይንኳኳም። መሰላል ለመዋስ ይኬዳል፤ ስለ በረዶ መጥረግ ለመነጋገርም ይኬዳል። «እንዲያው ልጠይቃችሁ ብዬ ነው» ያለ ሰው ካለ ግን ባለቤቶቹ ማን ሞተ ብለው ይደነግጣሉ። ጉዳይ መፍጠር የሚስቱ የአስላውግ ሥራ ነበር፤ እሷ ከሞተች አራት ዓመት አለፋት። ይህን ውድ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙት በጡረታቸው አውሮፓን ሊዞሩበት ነበር። አሁን ከቤት ሱቅ፣ ከቤት ጋራዥ ሆኗል መንገዱ። ጋራዡ ውስጥ ግን ለስላሳ ወንበር አለ፤ ትኩስ ዋፍል ከጃም ጋር አለ፤ በስሙ የምትጠራው ትሪኔ አለች። ዋስትና ያለው ሰው ደግሞ ለመምጣት ጉዳይ አያጣም።

ዋስትናው የሚያልቀው ዛሬ ነው።

«ማራዘሚያውን ልፈርም» አለ።

ትሪኔ ወደ ኋላዋ ገልመጥ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ይቅርብዎ። ባትሪው የራሱ ዋስትና አለው፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ማራዘሚያው ጎማም ፍሬንም አይሸፍንም። እርስዎ ደግሞ በዓመት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አይነዱም። የመኪናው ዋጋ ከዚህ በላይ ሳይወርድ ይሽጡትና ትንሽ መኪና ይግዙ።»

ልጅቷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው።

«ትንሹንስ እዚሁ ትጠግኑልኛላችሁ?»

«እኛማ የምንሠራው ይህን ዓይነት ብቻ...» ብላ ንግግሯን አቋረጠች። ያኔ ገባትና ፊቷ ቀላ። «ኦድቫር፣ ዋፍል ለመብላት እኮ መኪና አያስፈልግም። ደስ ባለዎት ቀን ብቅ ይበሉ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለምንም። እንዲሁ።»

እንዲሁ! ባዶ እጁን ገብቶ ሲቆም፣ አንዱ ወጣት የመኪና ሻጭ «ምን ልርዳዎት?» ሲለው ታየው። ምን ብሎ ሊመልስ ነው? ብቻዬን ሆንኩ ይበል? በሰባ ስድስት ዓመቱ ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም፤ ገና ሲያስበው አፈረ።

«ማራዘሚያው ስንት ዓይነት ነው?» አለ።

«ሁለት። ተራውና ሙሉው። ሙሉው በእጥፍ ይወደዳል፤ ለእርስዎ የሚጨምርልዎት ነገርም የለም።»

«ምንም ልዩነት የላቸውም?»

ትሪኔ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ተራው በዓመት አንዴ ለምርመራ መምጣት ግድ ይላል። ሙሉው ግን በየወሩ ካልመጡ ይሰረዛል። ደንበኞች የሚያማርሩት እሱን ነው፤ ሥራ ፈት ካልሆነ ማን በየወሩ ይመላለሳል?»

ኦድቫር ከደረት ኪሱ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ።

«ሙሉውን ስጪኝ» አለ። «የመጀመሪያው ምርመራ መቼ ነው?»