አባባን አፕዴት ያደረግሁበት ሳምንት

አንዱ መጠጥ ይወዳል፣ አንዱ ኳስ ይወዳል፤ እኔ አፕዴት እወዳለሁ። ከሰሞኑ ወዲህ ግን እወድ ነበር ማለት ሳይሻለኝ አይቀርም፤ ደክሞኛል። ስልኬ ላይ ያቺ ቀይ ነጥብ ብቅ ካለች እጄን ይበላኛል፣ ሳልጫናት እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን እንደተሻሻለ የሚዘረዝረውን ጽሑፍ ማንም ሰው አያነበውም። እኔ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። ሚስቴ "እኔ የምልክልህን መልእክት እንዲህ ብታነበው የት በደረስን" ትላለች።

ጣጣው ይህን አመሌን የሚያውቅ ሁሉ ስልኩን ይዞብኝ መምጣቱ ነው። መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጥገና ክፍል ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ "ጠፋብኝ"፣ "ተዘጋብኝ"፣ "እኔ ምንም አልነካሁም" ስሰማ እውላለሁ። ምንም አልነካሁም ያለ ሰው ሁሉንም ነክቶታል ማለት ነው። ቤቴ ስገባ ደግሞ ጎረቤታችን ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ በር ላይ ትጠብቀኛለች። አንዴ ሆስፒታል የተኛ ወዳጄን ልጠይቅ ብሄድ፣ በሽተኛው ከትራሱ ሥር ስልኩን መዘዝ አድርጎ "ከመጣህ አይቀር፣ ሞልቷል ሞልቷል እያለ አስቸገረኝ" አለኝ። ታላቅ እህቴ "ሊቁ" የምትለኝ ለሽሙጥ ነው።

አባባ ግን ስልካቸውን አምጥተውልኝ አያውቁም። ሄጄ ከእጃቸው የምቀበለው እኔው ራሴ ነኝ። "ይሠራል እኮ ልጄ" ይሉኛል። "ይሠራል ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም" ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ ያቀብሉኛል።

እናታችን ከሞተች ወዲህ አባባ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት። እህቴ ነርስ ናትና ሁልጊዜ የሚታያት ክፉ ክፉው ነው። "እኔ ጋ ካልመጡ" እያለች ስትጨቀጭቃቸው ከርማ በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ። አባባ በየጠዋቱ ይደውሉላታል፤ "ደህና አድሬያለሁ" ብለው ይዘጋሉ። እስከደወሉ ድረስ ቤታቸው ቤታቸው ነው። መደወል ያቆሙ ዕለት ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፣ እሳቸውም ያለ ክርክር ይከተሏታል። አባባ አንድም ጠዋት ሳያዛንፉ ቃላቸውን ጠበቁ።

ባለፈው እሑድ ሄድኩና እንደ ልማዴ ስልኩን ተቀበልኩ። አፕዴቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ እኔም እንደ ሙሽራ ቸኩያለሁ። የስክሪኑ መሸፈኛ ፕላስቲክ ተጫጭሮ፣ እዚህም እዚያም የደረቀ ሙጫ የሚመስል ነገር ጠብ ጠብ ብሎበታል። የሽማግሌ ነገር፣ ብዬ ላጥኩና ጣልኩት፤ በኪሴ ይዤው የመጣሁትን አዲስ መስታወት ለጠፍኩ። አፕዴቱም ወርዶ ተጫነ።

"ምኑ ተሻሻለ?" አሉ አባባ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው።

"ሁሉም ነገር። አሁንማ ለማን መደወል እንደሚፈልጉ ስልኩ ራሱ ያውቅልዎታል።"

ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሱትና "ለስላሳ ነው" አሉ። ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ እህቴ ደወለች። "ሊቁ፣ አባባ አልደወሉም።" ስትደውልላቸው ይጠራ ይጠራና ይዘጋባታል። ከሥራ ስትወጣ ሮጣ ብትሄድ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው "ውይ፣ ረሳሁት" አሏት። ማክሰኞም አልደወሉም። ማክሰኞም "ረሳሁት" ነው መልሱ።

"ተቀይመውን ይሆን?" አልኳት።

"ኧረ የምን ቅያሜ! መርሳት ሲጀምር እንዲህ ነው፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ነገ ጠዋት ካልደወሉ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንተም ብትመጣ ይሻላል፤ ብቻዬን አልችለውም።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ስንት የተበላሸ ነገር ጠግኛለሁ፤ የሰው ጭንቅላት ግን በምን ይጠገናል? ዕቃዬን ሰብስቤ ከቢሮ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። ባለፈው ወር የአባባን ኩሽና የጠገነው የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የአባትዎ ቧንቧ እኮ ምንም አልሆነም።"

"ማን ሆነ አለህ?"

"እሳቸው ናቸዋ! ትናንት በጠዋት ደወሉልኝ፣ ዛሬም በጠዋት ደወሉልኝ። መጀመሪያ 'ደህና አድሬያለሁ' ይሉኛል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ከዚያ ትንሽ ዝም ይሉና 'ቧንቧው ሳያፈስ አይቀርም፣ መጥተህ እየው' ይሉኛል። ሄጄ ባይ ደረቅ ነው። የሌለ ፍሳሽ ከየት ላምጣላቸው?"

እህቴ የምትለው ዓይነት መርሳት ይሄን አይመስልም። አባባ ሁለቱንም ጠዋት ደውለዋል፤ የተሳሳተው ያነሣው ሰው ነው።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ሄድኩ። በሩን ከፈት አድርጌ ስገባ አባባ ወንበራቸው ላይ ስልኩ ላይ አቀርቅረዋል። እኔ ልጬ የጣልኩትን አሮጌ ፕላስቲክ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አውጥተው አዲሱ መስታወት ላይ በፕላስተር ለጥፈውታል፤ አንደኛው ጥግ ተንጋዷል። አውራ ጣታቸውን በላዩ ላይ እየጎተቱ አንድ ነገር ይፈልጋሉ።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩና በጣቴ ዳሰስኩት። የሙጫዎቹ ጠብታዎች ጠንክረው ጉብ ጉብ ብለዋል። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ዳሰስኳቸው፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታይፒስት ነበሩ። በታይፕ መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቁልፎቹን ማየት ክልክል ነበር፤ አጮልቄ እንዳላይ እጄ ላይ ፎጣ ይጥሉብኛል። ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፎች ትንንሽ ጉብታ አላቸው። የኔን ሌባ ጣቶች ይዘው እዚያ ላይ ያስቀምጡና "ጣትህ መንገድ ሲጠፋበት እዚህ ይመለስ፤ ከዚህ ተነሥቶ የትም ይደርሳል" ይሉኝ ነበር።

አንዷ ጠብታ ለመደወል የሚጫኑት የእህቴ ፎቶ ላይ ነበረች፣ አንዷ የእኔ ላይ፣ ሦስተኛዋ የጥሪ መዝጊያው ላይ። አዲሱ አፕዴት ደግሞ አውቅልሃለሁ ብሎ ሰዎቹን ሁሉ አዟዙሯቸዋል፤ እንዴት እንዳሰበው እንጃ፣ በእህቴ ቦታ የቧንቧ ሠራተኛውን አስቀምጦታል። አባባ ተሳሳትኩ ከማለት ቧንቧው አፈሰሰ ማለትን መረጡ።

"ዓይንዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እናትህ ሳለች ነው የጀመረኝ" አሉ። "እሷ ታነብልኝ ነበር። ሐኪሙም ጋ አብረን ሄደናል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አለን። አሁን ብርሃንና ጥላ ይታየኛል። አንተ ስትገባ ጥላ ነህ።"

"እንዴት አይነግሩንም?"

"ብነግራችሁ ሻንጣው ይመጣላ! እህትህ ክፉ አይደለችም፤ ቤቷም ከኔ ቤት ይበልጣል። ግን እሷ ቤት ውስጥ ምን የት እንዳለ አላውቅም። እዚህ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው፤ ወንበሩም፣ ምድጃውም፣ ብርጭቆውም። ማንም እስካላንቀሳቀሰብኝ ድረስ ዓይን አያስፈልገኝም።"

"እኔ አንቀሳቀስኩብዎት" አልኩ። ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሠላሳ ጊዜ ያነበብኩት "ለአጠቃቀም ይበልጥ ቀላል ሆኗል" የሚለው ጽሑፍ ትዝ ሲለኝ በራሴ አፈርኩ።

"ወደ ድሮው አይመለስም?" አሉ።

"አይመለስም አባባ። አንዴ ከተጫነ ወደ ኋላ የለም።"

"እንደ ዓይኔ ነው በለኛ" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

የተንጋደደውን ፕላስቲክ አቃናሁት። ከዚያ የእህቴን ፎቶ ጎትቼ ከጠብታዋ ሥር አስገባኋት፤ እኔንም ከእኔዋ ሥር፣ መዝጊያውንም ከሦስተኛዋ ሥር። የቧንቧ ሠራተኛውን አባረርኩት። በመጨረሻ ራሱን በራሱ አፕዴት የሚያደርግበትን አጠፋሁት። ለሌላ ሰው አጥፍቼ የማላውቀውን ነገር ነው ያጠፋሁት፤ እንደ መታደስ ያለ ነገር የለም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

"እስቲ ይሞክሩት" ብዬ በእጃቸው ሳስይዛቸው እህቴ ከፍቼ በተውኩት በር ላይ ቆማለች። ትልቁን ሻንጣ ይዛለች። ልናገር አፌን ስከፍት አባባ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ አላመነቱም። የእህቴ ስልክ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሆስፒታል በሥራ አድራ ስትወጣ ድምፁን አትከፍተውም።

ስልኩን አየችው። ከዚያ አባባን አየቻቸው። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል፤ ከትከሻዋ ትንሽ ወዲያ ያለውን ባዶ ቦታ እያዩ ፈገግ ብለዋል። ነርስ ናት፤ ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም። አፏን በመዳፏ ያዘች። ቀስ ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች፣ ከዚያ ድምጿ ከስልኩ ውስጥ መጣ።

"አቤት አባባ።"

"ደህና አድሬያለሁ።"

"እሰይ፣ አባባ።"

"ያስቸገርኩሽ ስልኩ ተበላሽቶ ነው። ሊቁ ነው ያበላሸው።"

"እሱማ ልማዱ ነው" አለች፤ ድምጿ መሐል ላይ ተሰበረ። አባባ ሦስተኛዋን ጠብታ ተጫኑና ስልኩን ከጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ሥራ ረፍዶብኝ ነበርና ግንባራቸውን ስሜ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

"ለእህትህ ንገራት" አሉ። "የሻንጣዋን ጎማ ዘይት ታስነካው። ስትመጣም ጮኸ፣ ስትመለስም ጮኸ።"

እታች እህቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ያሉትን ነገርኳት። ፊቷን ጠርጋ ተነሣች። ሻንጣውን አልጎተተችውም፤ ብድግ አድርጋ ተሸክማው ሄደች።