አንዴ ብቻ፣ በሞቴ

«ልጅሽን ብዪ ስትያት በምን ቃል ነው የምትለምኛት?»

ከዚራ ሰፈር ባለው ክሊኒክ ሱሀይራ የምትባለዋ ሐኪም ዘርፈሽን ይህን ስትጠይቃት፣ ልጇ ኑሀሚን አጠገቧ ተቀምጣ ጥፍሯን ታያለች።

«በምን ቃል? ብዪ ነዋ የምላት» አለች ዘርፈሽ።

ኑሀሚን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከፋሲካ ወዲህ እወፍራለሁ ብላ ምግብ ትፈራለች፤ ፊቷ አልቆ ዓይን ብቻ ቀርቷል። ጎረቤት «ሰው በልቷት ነው» አለ፤ ጠበልም ተሞከረ። አባቷ ጢሞቴዎስ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ገበታው ፊት ሁልጊዜ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ክብደቷ ከዚህ ከወረደ ሆስፒታል እንደምትተኛ ተነግሯቸዋል።

ሱሀይራ የምታክመው ዓይን ላይ በሚታሰር ትልቅ መነጽር ነው። ቪአር ይሉታል። ያጠለቀው ሰው የሌለ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ምግብ ይቀርብለታል፣ ከፊቱ ሰው ይቀመጣል። ከምስሉ ጋር ፍርሃቱን ከተለማመደ በኋላ ወደ እውነተኛው ገበታ ይመለሳል።

«ዛሬ አንቺ ሞክሪው» አለቻት ሱሀይራ። «ኑሀሚን ናት ያዘጋጀችልሽ።»

ዘርፈሽ መነጽሩን አጠለቀች። ጠረጴዛ፣ ሩዝ የተቆለለበት ሳህን፣ ከፊቷ ደግሞ ፀጉሯ ቢጫ የሆነ ፈረንጅ ሴት። ሴትዮዋ አፏን ከፈተች።

«አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!»

ዘርፈሽ በሳቅ ፈነዳች። «ወይ ጉድ! ይቺን ፈረንጅ አማርኛ ማን አስተማራት?»

«እኔ ነኝ፣ በማይክ» አለች ሱሀይራ። «ቃሉን የሰጠችኝ ግን ልጅሽ ናት። ብዪ እንጂ!»

«ምስል እንዴት ይበላል አቦ?» አለች ዘርፈሽ፤ እጇን ግን ዘረጋች።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። አፈር ስሆን። ቅበሪኝ፣ ካልበላሽ እኔም አልቀምስም።»

ሴትዮዋ አላቋረጠችም። ፈገግ ብላ ሞቷን ደጋግማ ትጠራለች። የዘርፈሽ ሳቅ ጠፋ። የሌለው ሩዝ በባዶ አፏ ውስጥ አልወርድ አላት።

«አንሱልኝ!»

መነጽሩ ሲነሳላት ፊቷ በላብ ርሷል።

«እማ» አለች ኑሀሚን ወለሉን እያየች፣ «በየጉርሻው ትሞቻለሽ። እንዴት አድርጌ ልዋጠው?»

«ልመና እኮ ነው ልጄ። እኔንም እናቴ እንዲሁ ነበር የምትለኝ።»

«አውቃለሁ።»

ሱሀይራ ወንበሯን ቀረብ አደረገች። «ቁርስና እራት አብረሻት ሁኚ። ምሳዋን ግን ለብቻዋ እንሞክር። አቅርቢላትና ውጪ።»

«ብትደፋውስ?»

«ልትደፋው ትችላለች» አለች ሱሀይራ። አላባበለቻትም።

በማግስቱ፣ ፀሐዩ የሰፈራቸውን የሳቢያንን መንገድ ጭር ሲያደርገው፣ ዘርፈሽ ሩዙን በአንድ ሳህን ለኑሀሚን ብቻ አቀረበች። ከዚያ በፊት ሁለቱ ከአንድ ትሪ እንጂ ለየብቻ በልተው አያውቁም። ኑሀሚን ማንኪያውን አነሳች።

ቃሉ ዘርፈሽ ምላስ ላይ መጣ። በምትኩ ሌላ ፈለገች። በዚህ ዕድሜዋ ሌላ የልመና ቃል እንደማታውቅ ያኔ ገባት። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና በረንዳው ላይ ቆመች። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ የሰማች መሰላት፤ ጆሮዋን በሩ ላይ ልትለጥፍ ጎንበስ አለችና ተወችው። ከዚያ የግቢውን በር ከፍታ ወደ ባዶው መንገድ ሄደች።

ኑሀሚን ከሳህኑ ጋር ቀረች። ዘርፈሽ ወጣች።