የውርጭ ደወል

አባባ ገብረየሱስ ከእርሻቸው ተነስተው ሞላሌ ከተማ ሲደርሱ ረፋዱ ገፍቶ ነበር። ሳጥኗን በጥቁር የበግ ጠጉር ባና ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈዋታል። ምራታቸው እየሩስ ጥቅሉን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ዛሬም አልጮኸችም» አሉ እየተቀመጡ። «የታችኛውን መደብ ገብስ ውርጭ መታው። እኔ ጆሮዬን ጥዬ ነው ያደርኩት።»

እየሩስ ባናውን ፈትታ ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ውስጧ ከመዳፍ የምታንስ ሰማያዊ ቦርድና አንዲት መጮኺያ አሉ። ከሳጥኑ ቀዳዳ ወጥታ የምትንጠለጠለው ጫፏ ብረት የሆነች ሽቦ ብርዱን ትለካለች። የሠራት ባሏ አፈወርቅ ነበር። ንድፏ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የገዛት ሁሉ ኮድ ጽፎ የሻውን የሚያዛት ቦርድ ናት ብሎ አስረድቷት ነበር። ያኔ ፈተና እያረመች ስለነበር ልብ ብላ አልሰማችውም። አየሩ ወደ ውርጭ ሲጠጋ ትጮኻለች፤ አባባ ተነስተው በማሳው ዳር እርጥብ ጭድ ያጨሳሉ፤ ጭሱ ገብሱን ያለብሰዋል። አምና እንዲህ ነበር። ዘንድሮ አፈወርቅ የለም፤ ደወሏም ዝም አለች።

እየሩስ ከጎረቤት ሱቅ በረዶ አምጥታ የሽቦዋን ጫፍ ቀበረችበት። ጥቂት ቆይታ ጮኸች፤ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ አንድ። አፈወርቅ ከሥራ ሲመለስ በሩን የሚያንኳኳው እንደዚያ ነበር።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እዚህ እንዲህ ስትናገር፣ እዚያ ማን ይለጉማታል?»

እየሩስ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስልክ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ዮሴፍ ላፕቶፑን ይዞ መጣ።

«ገጠር አልተስማማት ይሆናል» አለ። «እንደኛ ዝውውር ትጠይቅ።»

አባባ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

ኮድ መጻፊያውን ፕሮግራም ዮሴፍ ከኢንተርኔት በነፃ አውርዶታል። ቦርዷን በገመድ ቢያገናኟት ላፕቶፑ አላወቃትም፤ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኖሯል። ሌላ ገመድ ፈለጉ። ደግሞ ለብርድ መለኪያዋ የሚያስፈልግ ፋይል ጎደለ ተባለ፤ አወረዱት። ለሙከራ አጭር ኮድ ቢጽፉ ስህተት አለ የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። የተጠቆመው መስመር ላይ ግን ምንም ስህተት የለም፤ ለካ የጎደለው ምልክት ከእሱ በላይ ባለው መስመር ላይ ነው። እየሩስ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ዓይን የማያየውን በምልክት ማንበብ ሥራዋ ነው። ይህኛው ግን አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል።

«አፈወርቅ የጻፈውን ከውስጧ አውጥተን እናንብበው» አለች።

«እንደጻፈው ሆኖ አይወጣም። ሲጫን ለእሷ ብቻ ወደሚገባት ቋንቋ ይለወጣል። የጻፈበት ላፕቶፕ የለም?»

«አደጋው የደረሰ ቀን መኪናው ውስጥ አብሮት ነበር።»

ዮሴፍ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። «እንግዲህ ጥፋቱ ከኮዱ ይመስለኛል። ከተዘጋጁት ምሳሌዎች አንዱን አስተካክለን እንጫንባት። የእሱ ግን ይጠፋል።»

እየሩስ አባባን አየች።

«የላይኛው መደብ ብቻ ነው የቀረኝ» አሉ። «እሱም ከተመታ ለዘር አይተርፈኝም። ግን ንብረቱ ያንቺ ነው፤ አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ሽቦዋን እንደገና በረዶው ውስጥ ከተተች። ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ዝም፣ አንድ። እስኪያበቃ ሰማችው።

«ጫነው» አለች።

አዲሱ ኮድ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ትንኝ ሲጢጥ እያለ ይቆያል።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር አብራቸው ወደ እርሻው ወረደች። አባባ ሳጥኗን ከማሳው ዳር ካለው እንጨት ላይ ሰቀሉ። ከዚያ የተንጠለጠለችውን ሽቦ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ መለሱ፤ ሳጥኗን በባናው ጠቅልለው በጠፍር ማሰር ጀመሩ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላልብሳት ነዋ። አምና የሚሰቅላት እሱ ነበር፤ ራቁቷን ይተዋታል። ዘንድሮ የእጁ ሥራ ውርጭ ላይ ስታድር ማየት አላስቻለኝም።»

እየሩስ ባናው ለመንገድ መጠቅለያ መስሏት ኖሯል። እጇን ከሥሩ ሰደደች። ቦርዷ ከራሷ በሚወጣው ሙቀት ለብ ብላለች፤ ሽቦዋም አጠገቧ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«እንዲህ ከለበሰች ብርዱን አታውቀውም» አለች።

አባባ ጠፍሩን እንደያዙ ቆሙ። «ታዲያ የእሱን ያጠፋነው በከንቱ ነው?»

እየሩስ ባናውን ፈትታ አጣጠፈችና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባባ ሳጥኗን ይዘው ሞላሌ መጡ። እየሩስ የዮሴፍን ላፕቶፕ ከፍታ አፈወርቅ የሰጣትን ድምፅ መልሳ ለመጻፍ ብዙ ገጽ አገላበጠች። ከቦርድ ላይ ያለን ኮድ ከማጥፋት በፊት፣ ባይነበብም፣ ቅጂውን ማስቀረት እንደሚቻል ያነበበችው ያኔ ነው። ገጹን ዘጋችው። ከዚያ በድምፆቹ መካከል የምትቆይበትን ጊዜ እየገመተች በቁጥር ጻፈች፤ ጫነችና ሽቦዋን በረዶ ላይ አኖረች።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አቀራርቢያቸው። እሱ እኮ ችኩል ነበር።»

ቁጥሩን አሳነሰች። እንደገና ጮኸች።

«አሁንስ?»

«እንጃ፤ ሁሉም ተመሳሰለብኝ። አንቺስ?»

እየሩስም አታውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳጥኗ ተመልሳ መሰቀል አለባት።

«አንዴ ድገሚው» አሉ አባባ።

ደገመችው።