ብትወድቂስ?

ኬንቻን ሳህኑን የሸፈነችበትን የሙዝ ቅጠል ስትገልጠው በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከቆመው የሹሙ ቤት ስር የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ደቅቆ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ነበር፤ ሎሚና ናና የገባበት፣ የተቆላ ሩዝ ተፈጭቶ የተነሰነሰበት፣ ለልጇ ሠርግ እንኳን እንዲህ ተጨንቃ ያልሠራችው ላፕ።

«ድኛለሁ ካለች ትብላው» አለች። ምራቷን አላየቻትም። ያየችው ሹሙን ነው።

ቧቫን ምንጣፉ ጫፍ ላይ እግሮቿን ወደ ጎን አጥፋ ተቀምጣለች። የአሳማ ሥጋ ካፏ ከገባ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። በዚህ አገር የሚጥል በሽታን «የአሳማ እብደት» ነው የሚሉት። የያዘው ሰው አሳማ ከቀመሰ ይነሳበታል፣ ምራቁ የነካውም ሰው ይያዛል ይላሉ። እሷም በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወድቅ ይኸው ተነገራት፤ አምና አደገች።

ልጇን የወሰዱባትም በዚሁ ሰበብ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ምድጃ ዳር ሩዝ ስታበስል ጣላትና ክንዷ እሳት ውስጥ ገባ። ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረችው ፎን የእናቷ ደረት ላይ ተደፍታ ስትጮህ አማቷ ኬንቻን ደረሰች። የሚቃጠለውን ክንድ ተሻግራ ልጅቷን ብድግ አደረገች፣ ፊቷን በሳሙና ሦስቴ አጠበች፣ ይዛት ሄደች። ክንዱን ከእሳቱ ያወጣችው ጎረቤት ናት። ባልየው ታይላንድ ውስጥ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው፤ በስልክ የሰጠው ቃል «እማዬ እንዳለች» የሚል ብቻ ነበር። ወንድ ተብሎ!

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልወደቅኩም» አለች ቧቫን። «የጤና ጣቢያው ካርድ ይኸው። ማታ ማታ ኪኒኔን እውጣለሁ፤ አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

«ካርዱማ መች ይወድቃል፤ የምትወድቂው አንቺ!» አለች ኬንቻን።

ሰው ሳቀ። ለቧቫን ትከራከራለች ተብላ የተጠራችው የሴቶች ማኅበር ተወካይ እንኳን አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ሹሙ ሲፋን ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭቅጭቅ የሚፈራ ሰው ነው፤ ከክፉ የማይሻልበት ጊዜ ግን አለ። «ቧቫን፣ ማንም አያስገድድሽም» አላት። «ግን ሰው በዓይኑ አይቶ ካላመነ ልጅቷን እንዴት ብዬ ላስረክብሽ?»

ፎን ከአያቷ ጀርባ ቆማለች። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷን የምታየው እንደሚናከስ ውሻ በሩቁ ነው። ያ አስተያየት የቧቫንን አንጀት ከክንዷ ጠባሳ ይልቅ አቃጠለው።

የጤና ጣቢያው ነርስ ብዙ ጊዜ ነግሯታል፦ በሽታው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ አሳማ ምንም አያደርግሽም፤ ከሆድሽ ይልቅ እንቅልፍሽን ጠብቂ። እሷ ደግሞ ትናንት ሌሊት ይህን ቀን እያሰበች ዓይኗን ሳትከድን ነግቶባታል። ልትወድቅ ብትችል በዚያ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አሳማውንም ፈርታዋለች። የአሥራ አምስት ዓመት ፍርሃት ነርስ ስለተናገረ ብን ብሎ አይጠፋም።

ከላፑ ጋር ከቀረበው ተጣባቂ ሩዝ ቆንጥራ በጣቶቿ ጠፈጠፈችው፣ ላፑን ዛቀችበት፣ ጎረሰች። ጣፈጣት። መጣፈጡ ይባስ አናደዳት። አምስቴ ጎረሰችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እንጠብቃ!» አለች ኬንቻን።

ጠበቁ። ሽፋሽፍቷን፣ ጣቶቿን፣ ከንፈሯን ጠበቁ። ከአጠገቧ የነበሩት ምንጣፋቸውን እየጎተቱ ራቁ። ዝንብ ግንባሯ ላይ አርፋባት ዓይኗን ስታርገበግብ ሦስት ሰው ከተቀመጠበት ተነሳ። እሷ ግን እንደተቀመጠች ናት። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ዞረችም። የመጡበትን ሳያዩ መሄዳቸው እንደሆነ ሲገባቸው ፊታቸው ተኮሳተረ፤ ጤናዋ የበደላቸው ነው የሚመስለው።

«በቃ» አለ ሹሙ በመጨረሻ። «ልጅቷ ወደ እናቷ ትሂድ።»

«ገና ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ?»

«በቃ አልኩ፣ እትዬ ኬንቻን።»

«ሦስት ዓመት ያሳደግኳት እኔ ነኝ!» አለች አሮጊቷ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ስትታመም ያደርኩት እኔ ነኝ!»

ይህስ እውነት ነው።

ፎን ተገፍታ ጥቂት ተራመደችና መሐል ላይ ቆመች። «ትወድቂያለሽ?» አለቻት።

ቧቫን የሚያዋጣትን መልስ ታውቀዋለች። አልወድቅም ማለት ነው፤ አንዲት ቃል። ከዚያ እጇን ይዛ ቤቷ መግባት። የልጅቷን ዓይን አየችና ልትዋሻት አልቻለችም።

«እስካሁን ኪኒኑ ይዞኛል» አለች። «ግን ልወድቅ እችላለሁ።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፏ!» ኬንቻን ጭኗን በጥፊ መታች። ሹሙ ራሱን ያዘ። «ምን አስቀባጠረሽ?» አላት በሹክሹክታ።

ፎን ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ብትወድቂስ?» አለች። «እኔ ምን አደርጋለሁ?»

ቧቫንን በዕድሜዋ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ምን ኃጢአት ሠራሽ ብለዋታል፤ የማን መንፈስ ነው ብለዋታል። ማንኪያ በጥርሷ መሐል ሰንቅረው ጥርሷን ሰብረውባታል። ምን ላድርግልሽ ያላት ግን አንድም የለም።

«ነይ ላሳይሽ» አለች ለልጅቷ ብቻ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ መሬቱ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች።

«ተነሳባት! አሳማው ተነሳባት!»

ሳህኑ ተገለበጠ። ወንበር ወደቀ። ሹሙ ሳይቀር ደረጃው ድረስ ሸሸ፣ የማኅበሯ ተወካይ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። «ፎን! እንዳትነኪያት!» የኬንቻን ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፤ እሷም ሸሽታለች።

ቧቫን ዓይኗን ጨፍናለች። «በጎኔ አዙሪኝ» አለች። «ከራሴ ስር ለስላሳ ነገር አድርጊ። አፌ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ። ከዚያ እስክነቃ አጠገቤ ሁኚ።»

የሚሸሹት እግሮች ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከነሱ መሐል ትናንሽ እግሮች ይኑሩ አይኑሩ መለየት አልቻለችም፤ ዓይኗን ገልጣ ለማየት ደግሞ ድፍረቱን አጣች።

ቆይቶ ሁለት ትንንሽ መዳፎች ትከሻዋ ላይ አረፉ። ገፉ። አልተንቀሳቀሰችላቸውም።

«ከበድሽኝ» አለች ፎን። እግሯን አንፈራጥጣ እንደገና ገፋች።