የእማዬ እግርና የሚቆራረጠው ዘፈን

አናጢው በሙያው የሚታማ ሰው አልነበረም። እሱ በሠራው ወንበር ላይ የተቀመጠ መነሳት ስለሚጠላ፣ እንግዳ ቶሎ እንዲሄድለት የሚፈልግ ሁሉ ከሌላ አናጢ ይገዛል ይባላል። እንጨት የተባለ ነገር በሙሉ ይታዘዝለታል። ኢንተርኔት ግን እንጨት አይደለም፤ አይለካ፣ አይላግ፣ በምስማር አይመታ።

ነገሩ የመጣው በእናቱ ነው። ስትሮክ ግራ ጎኗን መቷት አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ እግሯን የምታሠራት ባለሙያ አንድ መላ አመጣች። ምት ያለው ዘፈን ክፈቱላቸው፣ እግር ራሱ ያስታውሳል አለች። እውነትም አስታወሰ። ዘፈኑ ከኢንተርኔት ይመጣል፤ ሳሎን ያለው ራውተር ይቀበልና መተላለፊያው ጫፍ ላይ ለተቀመጠው ስፒከር በዋይፋይ ይወረውርለታል። እናትም ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ከመኝታ ቤት ወደ ጓሮ በር ትራመዳለች።

ችግሩ መወርወሩ ላይ ነው። የዚያ ቤት ግድግዳ ውፍረቱ አይጣል ነው። ሳሎን የተወራ ሐሜት መኝታ ቤት የሚደርሰው በማግስቱ ነው፤ እሱም ደክሞት፣ ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎ። ዘፈኑም መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ዘፈኑ ቀጥ ሲል እናት ግድግዳውን ተደግፋ እንደተነቀለ ፍሪጅ ጸጥ ትላለች።

ባለሙያዋ ይህን አይታ ፊቷ ከበደ። በሚቀጥለው ስመጣ ሳይቆሙ እስከ በሩ ካልደረሱ ዊልቸር ማዘዜ ነው ብላ ሄደች። እናት የዚያን ቀን ምሳዋን አልነካችም። አናጢው ዕድሜውን ወንበር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እናቱን ግን ከወንበር ጋር ተጣብቃ ሊያያት አልፈለገም።

መጀመሪያ የስልክ ጠጋኙን ጠራ። ሰፈሩ በቁመቱ አንቴና ይለዋል። አንቴና ገመድ የሚል ቃል ሲሰማ ያስነጥሰዋል። ገመድ ለበግ ነው፣ የሠለጠነ ሰው በአየር ነው የሚኖረው አለ። ራውተሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው፤ የቁም ሳጥኑን መስታወት አይወድም ብሎ አወረደው። መስኮት ላይ ቢያስቀምጠው በደጅ የምታልፍ ጎረቤት የስልኳ ኢንተርኔት ድንገት ፈጥኖባት፣ ሰው ገፋኝ ብላ ሮጠች። መተላለፊያው ላይ ግን ዘፈኑ ያው ይንተባተባል። በመጨረሻ አናጢው ራውተሩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ የመብራት ማራዘሚያውን እየጎተተ ቤቱን ዞረ። የሳሎኑ በር መሀል ሲደርስ ዘፈኑ ጠራ። አንቴና በቃ እዚያው ቁምበት አለው። አናጢውም የእውነቱን፣ እንጀራዬንስ ማን ይጋግርልኛል ሲል ጠየቀ።

ከዚያ የእህቱ ባል መጣ፤ ኤሌክትሪሺያን ነው። አየር እኮ ጎዳና አዳሪ ነው፣ የማንም ነው አለ። ኬብል ግን ከራውተሩ ተነስቶ ስፒከሩ ጀርባ ይገባል፣ በመሀል የሚያማክረው የለም። አናጢው እማዬን ቢያደናቅፋትስ ብሎ ፈራ። በጣሪያው ሥር ነው የምወስደው አለ ያኛው፤ ግድግዳውን መብሳት ብቻ ነው። አንቴና ደግሞ በዚያ ቀዳዳ የሰፈሩ አይጥ ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ይመጣል ብሎ አስፈራራ።

አናጢው ዞረበት። አንዱን ሲሰማ ሌላው ሞኝ ይመስለዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲሰማ ሞኙ ራሱ መሆኑ ይታወቀዋል። እናቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና ጣልቃ ገባች።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የእኔ ደግሞ ደህናው አንድ ነው፤ ቶሎ ወስኑ።»

ገመድ ተባለ። ግድግዳው መሰርሰሪያ እንደ ብስኩት እየቆረጠመ በላ። ሲበሳ የወጣው አቧራ ኤሌክትሪሺያኑን ስላሸበተው ሚስቱ በር ላይ አይታው «አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለችው ይባላል። ኬብሉ ግን ገባ።

ባለሙያዋ በመጣች ቀን ሁሉም መተላለፊያው ላይ ተኮለኮሉ። ዘፈኑ እንደ ቧንቧ ውኃ ወረደ፤ አልተንተባተበም። እናት ተነሳች፣ ተራመደች፣ ሳትቆም በሩን ነካች። ባለሙያዋ የዊልቸሩ ነገር ቀርቷል አለች። አናጢው ዓይኑን ሊጠርግ ዞር ሲል ሁለተኛው ዘፈን ተከተለ። እናት ተመለሰች። ሦስተኛው መጣ፤ እንደገና ወደ በሩ። ልጇ በደስታ ያጨበጭባል፤ እሷ ላብ አጥምቋታል። ድንገት ግድግዳውን በመዳፏ መታች።

«ንቀለው!»

ነቀለው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ እናትም ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ምነው እማዬ፣ አመመሽ?»

«ደከመኝ እንጂ። ያኔ ሲቆራረጥ አርፍ ነበር። ዘፋኙ እየለፋ ማን ይቆማል? ነውር አይደል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንተ ስለ ሽቦ ስትጠይቅ ነው የሰነበትከው።»

ባለሙያዋ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ቦርሳዋ አጎነበሰች። ሲደክምዎ ማረፍ ይችላሉ፣ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ አለች። አንቴና ደረቱን ነፋ፤ መድኃኒቱ የእኔ ዋይፋይ ነበር ማለት ነው አለ። ኤሌክትሪሺያኑ እሺ፣ በሩን ማን አስነካት ብሎ ጮኸበት። አናጢው የኬብሉን ጫፍ ይዞ መሀላቸው ቆመ። ሁለቱም ያሸነፉ ይመስላል፤ ሁለቱም የተሸነፉ ይመስላል።

«እሺ እማዬ፣» አለ ግራ ገብቶት፣ «እንግዲህ በገመድ ነው የምትሄጂው ወይስ ያለ ገመድ?»

«በእግሬ ነዋ። በል አሁን ሰካውና ከመንገዴ ዞር በል።»