የመጨረሻዋ ድስት ገል

ገሊላ ጭሮ መናኸሪያ ስትወርድ በጀርባዋ ሻንጣ፣ በእጇ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ጭቃ ይዛ ነበር። ከአዲስ አበባ ጭሮ ድረስ ጭቃ ተሸክሞ የመጣ ሰው ከእሷ በፊት ያለ አይመስለኝም። ሚኤሶ ላይ የአውቶቡሱ ረዳት "እህቴ፣ ሐረርጌ አፈር የለም ብለውሽ ነው?" ብሎ ሲስቅባት ወደ መስኮቱ ዞራለች።

አዲስ አበባ የሸክላ ሥራ ትማራለች። ለዓመቱ ፈተና በእጇ የሠራችውን፣ በሜዳ እሳት የተተኮሰ አንድ ድስት ማቅረብ አለባት። ሦስት ሠርታ ሦስቱም እሳት ውስጥ ፈነዱ። ሁለት ሳምንት ቀርቷታል፤ አራተኛውም ከፈነዳ ዓመቱን ትደግማለች። በጭንቋ መሃል ትዝ ያሏት አዴ ኡምኩልሱም ናቸው።

አዴ ኡምኩልሱም፣ ሰፈሩ በኦሮምኛ አዴ፣ እናት፣ የሚላቸው፣ ጭሮ ከነገሊላ ቤት በታች የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ገሊላ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር እዚያ ነበር የምትሮጠው። አዴ ኡምኩልሱም የሚሽከረከር መሣሪያ የላቸውም። ድስቱ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አድርገው፣ የኋሊት እየተራመዱ ይዞሩታል። ገሊላም አብራቸው የኋሊት ትዞራለች፣ ራሷን አዙሯት ዘፍ እስክትል። ቤት ስትገባ እናቷ ሳህሊቱ "ሰው ምን ይለናል?" እያለች እጇን በሳሙና ትፈትጋታለች። ዛሬ ያቺው ሳህሊቱ "ልጄ ሴራሚክ ነው የምታጠናው" እያለች በሰፈሩ ትኮራለች። ሴራሚክ ሲሉት ጭቃው ይጸዳል መሰለኝ።

ገሊላ ስትደርስ አዴ ኡምኩልሱም ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"እንደምን ዋሉ አዴ? ገሊላ ነኝ፣ የሳህሊቱ ልጅ።"

"ያቺ የኋሊት የምትሄደዋ?" አሉና ሁለት እጇን ይዘው ሳሙት። እዚህ ሰፈር እጇን የሳመላት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤት ውስጥ መደርደሪያው ላይ አንዲት ድስት ብቻ ተቀምጣለች። ሆዷ ክብ፣ ጆሮዎቿ ትንንሽ፣ አንድ ጎኗን እሳት ጥቁር አድርጎታል። "የመጨረሻዋ ናት" አሉ አዴ ኡምኩልሱም። "እሷን ሠርቼ ጉልበቴ እምቢ አለ። ይኸው አራት ዓመት።" ገሊላ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ይህችን ይዤ ብሄድ ማን ያውቃል? ብላ አሰበች። አፈረች፣ ሐሳቡ ግን አልለቀቃትም።

አዴ ኡምኩልሱም ጭቃዋን በሁለት ጣታቸው አሹት።

"ምን አደረግሽው?"

"በጨርቅ አጠለልኩት። ሦስት ጊዜ። ጠጠር እንዳይኖርበት።"

"ይሄ ለፊት የሚቀባ ነው እንጂ ድስት አይሆንም። ገሉ የታለ?"

ገሊላ ክው አለች። ገል! የተሰበረ ሸክላ በድንጋይ አድቅቆ ጭቃው ውስጥ መጨመር የልጅነት ሥራዋ ነበር። ያ ካልገባበት ጭቃው እሳት አይችልም። ትምህርት ቤት በሚሽከረከረው መሣሪያ ላይ ጠጠር እጅ ስለሚልጥ ማጥለል ለምዳ፣ እጇ የሚያውቀውን ረስታዋለች።

"የእኔ ካለቀ ቆይቷል፤ ከሰፈር ለቅመሽ ነያ" አሏት። "ገል የሌለበት ደጅ አለ እንዴ?"

ድሮ፣ አልነበረም። ገሊላ ከቤት ቤት ዞረች። ያገኘችው የፕላስቲክ ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ሳፋና የተጨረማመተ የአሉሚኒየም ድስት ነው። ጫት ነጋዴው በክሪ "የተሰበረ ሸክላ? እኔ ደህናውንም ካየሁ ስንት ጊዜዬ!" ብሎ የቻይና ስኒ ጆሮ ሰጣት። እሱን ይዛ ተመለሰች።

አዴ ኡምኩልሱም የስኒውን ጆሮ አገላብጠው አዩና ሳቁ። ከዚያ ግድግዳውን እየተደገፉ ተነሡ፣ ድስቷን አወረዱ።

"አዴ፣ አይሆንም!" ገሊላ መሃል ገባች። "ልንገርዎት። ይህችን የራሴ ናት ብዬ ላሳይ አስቤ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ግን አይስበሯት፣ ከእጅዎ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።"

"አውቄያለሁ። ከገባሽ ጀምሮ ዓይንሽ እሷ ላይ ነው።" ድስቷን በመዳፋቸው ዳበሷት። "ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ እሷም ውስጥ የእናቴ ድስት አለ፤ ፈጭቼ ያስገባሁት። እናቴም የእናቷን። መደርደሪያ ላይ ትቻት ብሞት ማን ውስጥ ትገባለች?"

ቢስሚላህ ብለው ድንጋዩ ላይ ለቀቋት። ገሊላ ዓይኗን ጨፈነች።

ያን ቀን እያለቀሰች ፈጨች። በማግስቱ አቡክታ ሠራች፤ የኋሊት እየዞረች፣ አዴ ኡምኩልሱም ከበርጩማቸው ላይ "ጎንበስ በይ! ቀስ!" እያሉባት። ሳምንቱን ሙሉ ጥላ ውስጥ አደረቁት። የመተኮሱ ዕለት ገለባና ኩበቱ ሲነድ ገሊላ ያንን የለመደችውን ፍንዳታ ትጠብቅ ነበር። እሳቱ ወረደ፣ ዓመዱ ቀዘቀዘ፤ ምንም አልጮኸም።

ድስቱን አውጥታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ከንፈሩም ትንሽ ዘመም ብሏል። አዴ ኡምኩልሱም በጣታቸው አጥንት ኳ አደረጉትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ገሊላ እንባዋ መጣ፤ እናቷ በሳሙና ልትለያት ስትታገል የኖረችው ጭቃ ስንጥቅ ሳይኖረው ከእሳት ወጥቶላታል።

አዴ ኡምኩልሱም ድስቱን በገሊላ ነጠላ ጠቅልለው ሰጧት።

"ስታሳዪ የማን ነው ቢሉሽስ?"

"የእኔ ነው እላለኋ፣ አዴ። የእርስዎም።"

"ቶሌ፣ ይሁን። ታዲያ አንድ ቀን ሲሰበር ገሉን እንዳትጥዪው።"